አማልን እርስዎ ይያዟት

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ርክክብ ጨርሻለሁ። ሌሊት የወለዱት ሁሉ ደኅና። አንሶላ አልደረቀም፤ መስከረም ወጥቶም ዝናቡ አልሄድ ብሏል። ቧንቧው ቡናማ ውኃ ይተፋል፣ ከበርሜል እንቀዳለን። ቶለራ ዘግይቶ ገባ፣ እንደ ልማዱ ፈገግታውን አስቀድሞ። ልቆጣው አፌን ከፍቼ ሳቅሁ። ጎበዝ አዋላጅ ነው። ጎበዝ መሆኑን ማወቁ ነው ችግሩ።

ዶ/ር ከድር፣ ዳይሬክተራችን፣ ቢሮው አስጠራኝ። አዲስ አዋላጅ ልትመጣ ነው። ስሟ አማል። ካርቱም ተወልዳ፣ እዚያው ተምራ፣ ትልቅ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ለዓመታት የሠራች። አባቷ የዚሁ የሊሙ ሰው፤ በጭነት መኪና ሱዳን ገብቶ እዚያው የቀረ። ጦርነቱ ሲመጣ እሷ በመተማ ወጣች። አ/አ ተቀምጣ ፈተናውን አለፈች፣ ፈቃዷን አገኘች፣ ለእኛ ለጅማዎቹ ደረሰች። የሙከራ ጊዜዋን እዚህ ትጨርሳለች።

ከውጭ ተምሮ የመጣ ሰው ተቀብለን አናውቅም። "አማልን እርስዎ ይያዟት፣ ሲስተር" አለኝ። እሺ አልኩ። ሰው እንዴት እንደሚያዝ ግን አልነገረኝም።

ረፋዱ ላይ ደረሰች። ረጅም። ነጭ የሸራ ጫማ፣ በእኛ ጭቃ። እጄን ዘረጋሁላት።

"አንተ ነህ ሲስተር አስቴር?" አለችኝ።

ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ቶለራ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። አባቷ ከወንድሞቿ ጋር ሲያወራ የሰማችውን አማርኛ ነው ይዛ የመጣችው፤ ይህን በኋላ ነው ያወቅሁት። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ቃል አልወጣትም።

ያ ሳቅ ደስ አላለኝም፣ ደብተሬ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ዛሬ እጇን አየሁ። ሆድ ከመንካቷ በፊት መዳፎቿን አሻሽታ ታሞቃለች። ሁልጊዜ። ቸኩላም ቢሆን። ቀዝቃዛ እጅ ሲያርፍባቸው ስንት ሴቶች ሲሸማቀቁ አይቻለሁ፣ ማሞቅ ግን ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። ከሰዓት ላይ አንዷን ተማሪ ተደብቃ መዳፏን ስታሻሽ አየኋት። ደስ አለኝ። አላየሁም ብዬ አለፍኩ።

አፏ ግን። ከሰቃ በኩል የመጣች እናት ነበረች፣ ከኦሮምኛ ሌላ የማትሰማ። አማል አጠገቧ ቆማ ዝም። ፊቷ ብዙ ያወራል፣ ድምፅ የለም። የመጀመሪያዎቹን የኦሮምኛ ቃላት ሰጠኋት፦ ተንፍሺ፣ ግፊ፣ ቆይ፣ በርቺ። ፕላስተር ቆርጣ አንጓዋ ላይ ለጠፈችና በዓረብኛ ፊደል ጻፈቻቸው።

አንድ መጥፎ ልማድ አላት። "ካርቱም ላይ እኮ..." ብላ ትጀምራለች። ካርቱም ላይ አልጋው እንዲህ ነበር፣ ካርቱም ላይ መብራቱ እንዲያ ነበር። ሠራተኛው ይሰለቻል። ቶለራ ስሟን ራሱ ካርቱም ብሎታል። "ካርቱም መጣች፣ ካርቱም ወጣች።" እሷ ትሰማለች። አትመልስም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ሰጠኋት። ሰፈራችን ቦሳ አዲስ ለሥራም ይቀርባታል። ግርማ፣ ባለቤቴ፣ ከልብስ ስፌቱ ቀደም ብሎ መጥቶ መጋረጃ ሰፋላት። ቀለሙን ራሱ መረጠ፣ ቢጫ። እኔ ብጠይቀው ዓመት ያስጠብቀኝ ነበር።

ከሰዓት ሂርማታ ገበያ ወሰድኳት። ሁለት ባልዲ፣ ምድጃ፣ ብርድ ልብስ። የብርድ ልብሱ ሻጭ ሽማግሌ ሐጂ ናቸው። አማል ዕቃውን እየዳሰሰች ለራሷ በዓረብኛ አጉረመረመች። ሐጂው ቀና አሉ። ማሻአላህ! በቁርዓን ቤት ዓረብኛቸው መለሱላት። እሷም ፊቷ በራ። ተያያዙት። እኔ መሀል ቆሜ አልሰማም። የአባቷን አገር ጠየቋት መሰለኝ፣ ሊሙ ስትላቸው አላህ ብለው ደረታቸውን ያዙ። ያን አባት ባያውቁትም።

መንገድ ላይ ስታወራ መጣች። በተሰባበረ አማርኛ፣ ግን ያለማቋረጥ። ያቺ ዝምተኛ ሴት ተረበኛ ናት ለካ! የዶ/ር ከድርን አረማመድ ሠርታ አሳየችኝ። መንገድ መሀል እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ሰው ቋንቋውን ሲያጣ ቀልዱንም ነው የሚያጣው። አስቤው አላውቅም ነበር።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ክፉ ቀን።

መዲና የምትባል ልጅ፣ ከሰርቦ፣ የመጀመሪያ ልጇ። አማቷ ወ/ሮ ዘሃራ አብረው ገብተዋል። ምጡ ደኅና ሄደ። አማል ይዛለች፣ እኔ በመጋረጃው ማዶ ሌላዋን እሰፋለሁ። የመግፊያዋ ሰዓት ደረሰ። አማል በሙሉ ድምፅ ጮኸች፦

"ዺሲ! ዺሲ!"

ዺቢ ነው ግፊ። ዺሲ ማለት ተይው ነው።

ልጅቷ ተወችው። ምን ታድርግ? ባለሙያ ተይ ካለቻት ትተዋለች። አማል ግራ ገባት፣ ይበልጥ ጮኸች። ተይው! ተይው! ልጅቷ አለቀሰች። የሕፃኑ የልብ ምት ይወርዳል። ወ/ሮ ዘሃራ ምኑን ነው የምትተወው፣ ልጇን ነው ወይ ብለው ተነሡ። አማል ዞር ብላ "አንተ ዝም በል" አለቻቸው። ለእሳቸው! በዕድሜያቸው አንቱ ብቻ ሲባሉ ለኖሩት ሴት።

እኔ እጄ ታስሯል፣ መርፌ ላይ ነኝ። ቶለራ ሮጦ ገባ፣ በትከሻው ገፋ አደረጋትና ያዘ። በሁለት ምጥ ወጣ። ወንድ። አለቀሰ፣ ተመስገን። ምንም አልሆነም።

ግን ሆኗል። ወ/ሮ ዘሃራ ቀጥታ ቢሮ ወጡ። ዶ/ር ከድር ሁላችንንም ሰበሰበ። ቶለራ ያየውን ተናገረ፣ አልጨመረም አልቀነሰም። ዶክተሩ ወደ ክትባት ክፍል ትዛወር አለ፤ ፍሪጅ ትጠብቅ፣ ቋንቋ እስክትለምድ።

ፍሪጅ ከማን ጋር ነው ቋንቋ የሚያስለምዳት አልኩት። ድምፄ ከፍ ማለቱን ያወቅሁት ሁሉም ሲዞሩብኝ ነው። የሰጠኋት ፕላስተር ላይ የተጻፉ አራት ቃላት ነው፣ በአራት ቃል ማን ያዋልዳል አልኩ። እስከ ኅዳር አጋማሽ ይስጡኝ። ብቻዋን አትይዝም፣ ኃላፊነቱ የእኔ።

ዶክተሩ የቀን መቁጠሪያውን ገለጠ። ከዚያ እሺ አለ። እስከ ኅዳር አጋማሽ።

አማል ወለሉን እያየች ነበር። ከተባለው ምን ያህሉ እንደገባት አላውቅም።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ሥራ አልገባችም።

በምሳ ሰዓት ቤት ሄድኩ። ቢጫው መጋረጃ ተዘግቷል። ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቷል፣ ግማሹ ገብቷል። ወዴት ነው አልኳት። አላውቅም አለች። አ/አ። መተማ። አላውቅም።

ተቀመጥኩ። ቆይታ ራሷ ጀመረች። ካርቱም ላይ የተኩሱ ድምፅ ሲቀርብ አዋላጆቹ አንድ በአንድ ሄዱ። እሷ ቀረች፣ አልጋ ላይ ያሉ ነበሩና። መብራት የለም። መድኃኒት የለም። የቀራት ድምፅዋ ብቻ ነበር። በድምፅዋ ሴቶቹን ትይዛቸዋለች፤ ተንፍሺ ስትል ይተነፍሳሉ፣ አትፍሪ ስትል አይፈሩም። የመጨረሻዋን እናት አዋልዳ፣ በዘመዶቿ ጋሪ አሳፍራ፣ ከዚያ ነው የወጣችው።

"እጄ መጣ፣ እትዬ አስቴር። ምላሴ እዚያ ቀረ።"

አንቺ፣ አንተ፣ እርስዎ እየተምታታባት ነው ያወራችኝ። አላረምኳትም። ቀሚሶቿን ከሻንጣው አንድ በአንድ አውጥቼ አጠፍኩላት። ከዚያ ነጠቀችኝና ራሷ መስቀያው ላይ ሰቀለቻቸው። አስተጣጠፌ አላማራትም መሰለኝ።

ነገ ትገባለች።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

መላ አገኘሁ! ትናንት ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ ነው የመጣልኝ። የእናቶች ማቆያው!

ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው ቤት። ከሩቅ ቀበሌ የመጡ፣ ቀናቸው የደረሰ ሴቶች ምጣቸው እስኪመጣ የሚቆዩበት። ሥራ የላቸውም። ቀኑን ሙሉ ያወራሉ። ኦሮምኛ የሚፈስበት ምንጭ እዚሁ ደጃችን እያለ እኛ ፕላስተር እንቆርጣለን።

ጠዋት ከእኔ ጋር ማዋለጃ፣ ከሰዓት ማቆያ። ጋዋኗን አውልቃ። የደም ግፊት አትለካም፣ ሆድ አትዳብስም። ቁጭ ብላ ታወራለች፣ በቃ። ዶ/ር ከድር በባለሙያ ደመወዝ ወሬ ልታወራ ነው ወይ አለ። አዎ አልኩት።

ዛሬ ወስጄ አስተዋወቅኋት። ሴቶቹ ቀና ብለው አዩዋት። ጫልቱ የምትባል አለች፣ የሰቃ ቡና ለቃሚ፣ አራተኛዋን የምትጠብቅ፣ ድምፅዋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ። ባል አላት ወይ አለችኝ በኦሮምኛ፣ ስለ አማል። ራሷን ጠይቂያት ብዬ ወጣሁ።

በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ፣ አልዋሽሽም። መጀመሪያ በርጩማ ሲሳብ። ከዚያ የጫልቱ ጥያቄ፣ በቀስታ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። ከዚያ አማል አንድ ነገር አለች። ከዚያ የሳቅ ጎርፍ።

ይህኛው ሳቅ ሌላ ነው።

ጥቅምት 20፣ ኀሙስ

ደብተሬ፣ ዛሬ ያየሁትን አይቼ አላውቅም።

መድኃኒት ላደርስ ማቆያው ገባሁ። አማል አልጋ ላይ ተጋድማለች። ጉልበቷ ታጥፎ፣ ሆዷ ላይ ትራስ። ሴቶቹ ከበዋት። ጫልቱ የአማልን ጋዋን ለብሳለች፤ ሆዷ ስለማይበቃው ቁልፎቹ ተከፍተዋል። አዋላጅ ጫልቱ ናት፣ ወላጅ አማል።

"ዺቢ!" ትላለች ጫልቱ። "ዺቢ፣ ዺቢ! ጀባዹ!" ግፊ፣ በርቺ። አማል ትገፋለች፣ ፊቷ ቀልቶ። ከዚያ ጫልቱ ሆን ብላ "ዺሲ!" ትላታለች። አማል ወዲያው ትተዋለች። ሴቶቹ ያጨበጭባሉ። ዺቢ፣ ዺሲ፣ ዺቢ፣ ዺሲ። በጥርስና በከንፈር ብቻ የሚለዩትን ሁለት ቃላት ሆዷ ውስጥ እያስገቡላት ነው።

ከዚያ ትራሱ ተወለደ። ሴት ሆነች። እልልታ።

ሌላም ያስተምሯታል። አንዷ ትልቅ ሴት አማት ትሆናለች፣ አማል ተጎንብሳ ታናግራቸዋለች። ኢሲን፣ አንቱ ማለት። ኢሲን ባለች ቁጥር አማቲቱ እየተኮፈሱ ይሄዳሉ።

እኔ በዚህ ሥራ ፀጉሬ ሸብቷል። ሥልጠና ብዙ ወስጃለሁ፣ ሆቴል ውስጥ፣ በፕሮጀክተር። እንደዚህ ዓይነት አላየሁም። እነዚህ ሴቶች ሰው ሳይነግራቸው የሚሠሩትን ያውቃሉ፤ የሚያዋልዳቸውን ሰው እየሠሩ ነው። በኩራት ደረቴ አልበቃኝ አለ። በእነሱም፣ በእሷም። በራሴም ትንሽ። ለማን እነግራለሁ ካንቺ በቀር።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ጫልቱ ወለደች። ሴት። አማል ያዘች፣ እኔ አጠገቧ። ጫልቱ በምጥ መሀል ሳይቀር አነጋገሯን ታርማታለች! አንድ ቃል አሳስታ ብትናገራት "አይባልም!" ብላ ጮኸችባት፣ አስተካከለችላት፣ ከዚያ ገፋች።

ቶለራ በር ላይ ቆሞ ያያል። ሲጨርሱ ተጠግቶ አማልን ጠየቃት። ከዚህ በፊት ጠይቋት አያውቅም። ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻ ሲያዝ ምን ታደርጋላችሁ፣ ካርቱም ላይ? በመጽሐፍ አውቀዋለሁ፣ በእጄ አላውቀውም አለ።

ካርቱም ላይ! እሱ ራሱ።

የማሠልጠኛውን አሻንጉሊት አወጡ። እሷ በእጇ ታሳያለች፣ እሱ የየእንቅስቃሴውን ስም በኦሮምኛ ይነግራታል። ተንበርከኪ፣ ጅልቤንፈዹ። ጎንሽን አዙሪ። ሰዓታቸው አልቆ ሳለ አልሄዱም። ቶለራ ወደ ኋላ ላይ ስለዚያ ቀን አነሣ። ስለገፋሁሽ ይቅርታ አላት። አንተ ጥሩ አደረግህ አለችው፣ እኔም ብሆን እገፋ ነበር። ይኼን "አንተ" በትክክለኛው ቦታ ነው ያዋለችው። ሁለቱም ሳቁ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ሸቤ ደርሰን መጣን።

የሸቤውን ጤና ጣቢያ እኛ ነን የምንደግፈው። ጠዋት በአምቡላንሱ ወጣን፣ እኔ፣ ቶለራ፣ አማል። መንገዱ ዳር ዳር ቀይ ቡና ተሰጥቷል፤ ሰው ሁሉ ለቀማ ላይ ነው። ሄለን የምትባል አዋላጅ አለች እዚያ፣ ገና ከኮሌጅ የወጣች፣ ብቻዋን። የእኛ መምጣት ለእሷ በዓል ነው።

ዕቃ እየቆጠርን ሳለ ከቡና ማሳ ሴት ይዘው መጡ። እየለቀመች ምጥ ይዟት፣ አልሄድም ብላ ቆይታ። አልጋ ላይ ስትወጣ ጭንቅላቱ መጥቷል። ሄለን ያዘች። ጭንቅላቱ ወጣ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰና ተጣበቀ። ትከሻው ተይዟል።

ሄለን ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ቀለሟ ሄዷል።

ደብተሬ፣ ያን ጊዜ ልገባ ነበር። እግሬ ተነሥቷል። ስንቱን አውጥቻለሁ እንደዚህ። ግን አማል መዳፎቿን እያሻሸች ስታልፈኝ አየኋት። ወደ እኔ አልዞረችም። ፈቃድ አልጠየቀችም። እኔም እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ ያዝኳቸው። በሕይወቴ ከባዱ ሥራ ነበር፤ መቆም።

የሴትዮዋን ጉልበት ወደ ደረቷ አጠፈች፣ ቶለራ ከእምብርቷ በታች ተጫነ፣ እንደተለማመዱት። አልወጣም። ሴትዮዋን ልታገለብጣት ፈለገች፣ በእጅና በጉልበቷ እንድትቆም። "ጅልቤንፈዹ" አለቻት። ሴትዮዋ አቃታት፣ ፈራች። እናቷ አልጋው ጥግ ቆመው ልጄን እንደ ከብት አታቆሟትም ብለው ክንዷን ይዘው ቀሩ።

ሰዓቱ ይሄዳል። የሕፃኑ ፊት ይጠቁራል።

አማል ወደ እናቲቱ ዞረች። አልጮኸችም። ጎንበስ አለች፣ በዚያ ሰዓት፣ ጎንበስ አለች።

"ሃዸ ኮ" አለቻቸው። "ነ ገርጋራ።"

እናቴ፣ ይርዱኝ።

አሮጊቷ አዩዋት። ከዚያ የያዙትን ክንድ ለቀቁ፣ ዞሩ፣ ራሳቸው ልጃቸውን ወገቧን ይዘው አገለበጧት። ጆሮዋ ላይ ሆነው አማል ያለችውን ይደግሙላታል። ተንፍሺ ስትል ተንፍሺ፣ ግፊ ስትል ግፊ። የአማል ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ልመናም ትእዛዝም ነው፤ የሚይዝ ድምፅ። የኋላውን እጅ አገኘችው፣ ሳበች፣ ትከሻው ዞረ፣ ወጣ።

ዝም ያለ ሕፃን። የላላ። ቶለራ ተቀበለ፣ ጠረገ፣ አሸ፣ አየር ሰጠው። ሄለን የልብ ምቱን በጣቷ ታሳያለች፣ አለ፣ አለ። ውጭ ሰዎች ቡና ሲያገላብጡ ይሰማል።

አለቀሰ።

ትልቅ ወንድ ልጅ። ቡና ለቃሚው ሁሉ በሩ ላይ ተሰብስቦ ኖሯል፣ እልልታው ከውጭ ነው የመጣው።

አማል ሴትዮዋን ሰፍታ፣ ደሙን አይታ፣ ሁሉን ጨርሳ፣ ከቤቱ ጀርባ ሄዳ አስመለሳት። ጀርባዋን ደገፍኩ። አፏን ጠረገች። ምላስሽ መጣ አልኳት። በሳቅና በለቅሶ መሀል ሆና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል አልተናገርኩም። አንድ! ግርማ ይህን ብነግረው አያምንም።

ኅዳር 4፣ ኀሙስ

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ጅማ ገብቷል። ሾፌራችን ነው። በእሱ አተራረክ አማል ሕፃኑን ከሞት በረኛ እጅ ነጥቃለች፣ ቶለራም ግማሽ መንገድ ሮጧል። ቶለራ አላስተባበለም።

ካርቱም ማለቱን አልተወም። ግን አሁን "የእኛ ካርቱም" ሆኗል። ማዋለጃ ክፍሉ ሁሉ እንደዚያ ይላታል። እሷ ትመልሳለች ዛሬ፦ "አቤት፣ ጅማ!"

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ሚካኤል። ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ሄጄ ተሳለምኩ። ለአማልም ለመንኩ፤ መልአኩ እስላም ክርስቲያን አይልም መቼም።

ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ቢሮ። ዶ/ር ከድር ፊቱ ፈክቷል። ኅዳር አጋማሽ ደርሷል ሲስተር፣ አሸነፉ አለኝ። አማል ትቀጠራለች፣ ማዋለጃ ክፍል፣ በሙሉ ኃላፊነት። ልነሣ ስል ግን ሌላም አለ አለ። ሸቤዎች በስም ጠይቀዋታል። የምትመራቸው ልምድ ያላት አዋላጅ ይፈልጋሉ። እሷ ከፈለገች ብቻ። እርስዎስ ምን ይላሉ?

ምን እላለሁ? የክፍሉን ኃላፊነት፣ ወንበሬን፣ ለእሷ ነበር ያሰብኩት። ጡረታ ስወጣ ቁልፉን የምሰጣት። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለአንቺም። በልቤ ተክዬ፣ ውኃ አጠጥቼ፣ ጥላዋ ሥር ተቀምጬ ነበር።

አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ። ተናደድኩ። በሸቤ ተናደድኩ! ምን አደረገኝ ሸቤ? በግርማም ተናደድኩ፣ ምሳ ዘገየ ብዬ። ከዚያ አፈርኩ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ነገርኳት። ምርጫው የአንቺ ነው አልኳት፣ ፊቴን ዝም አሰኝቼ። እርስዎ ምን ይላሉ አለችኝ። እርስዎ! መቼ እንደጀመረች አላስተዋልኩም። አልነግርሽም አልኳት። ብነግራት ለእኔ ብላ ትቀራለችና።

ግቢው ውስጥ እየተዘዋወረች አሰበች። የግርማን ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቀመች፣ ጣለች። ተመልሳ መጣች።

ሸቤ እሄዳለሁ አለችኝ። እዚህ እርስዎ አሉ፣ ቶለራ አለ። እዚያ ሄለን ብቻዋን ናት። ብቻ መሆንን አውቀዋለሁ አለች። ያቺ ልጅ ያን ቀን ቀና ብላ ያየችው እርስዎን ነው፣ እኛ ስንሄድ ማንን ታያለች?

ማዕድ ቤት ገብቼ ያልቆሸሸ ድስት አጠብኩ። ከፋኝ ደብተሬ፣ አልደብቅሽም። ግን ከመከፋቱ ሥር ሌላ ነገር አለ፣ ሞቅ ያለ። ድስቱን ሳጥብ ነው ያወቅሁት። እኔም ብሆን የምሄደው ወደዚያው ነበር። የእኔ ልጅ ብትሆን እንዲህ እንድታስብ ነበር የማሳድጋት።

ኅዳር 18፣ ኀሙስ

ዶ/ር ከድር አዲስ ሐኪም ሊመጣ ነው አለ። ቻይና ተምሮ የመጣ፣ የጎንደር ልጅ፣ ኦሮምኛ አንድ ቃል የማያውቅ። ሁላችንም ተሰብስበን ነው። ዶክተሩ እኔን አየኝ። አፌን ሳልከፍት ቶለራ እጁን አነሣ።

እኔ ልያዘው አለ። እንዴት ብለህ አለው ዶ/ር ከድር። ማቆያው ነው የምጀምረው፣ ጋዋኑን አስወልቄ አለ። ሴቶቹ አልጋ ላይ ሲያጋድሙት ፎቶ አነሣዋለሁ አለ። ክፍሉ ሳቀ። ግን ከምሩ ነው። ዓይኑን አየሁት፣ ከምሩ ነው።

ያ ዘግይቶ የሚገባ ልጅ። ተመስገን።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ሻንጣዋን ዘግተናል። ሁለቱ ባልዲዎች፣ ምድጃው፣ ብርድ ልብሱ በገመድ ታስሯል። ግርማ የሸቤው ክፍልሽ መስኮት ስንት ነው፣ ለመጋረጃ ልክ ውሰጂልኝ ብሏታል። ጫልቱ ሕፃኗን አዝላ ከሰቃ ድረስ መጥታ ተሰናበተቻት። የሸቤ ሰው አነጋገሩ ትንሽ ለየት ይላል፣ እንዳትበላሺብኝ ብላ አስጠነቀቀቻት። በኦሮምኛ ነው ሁሉም። አማል በኦሮምኛ መለሰችላት፣ ረጅም ነገር፣ እኔም አንዱ ቃል አመለጠኝ።

ነገ በሚኒባስ ትወጣለች። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች።

አሁን፣ ስጽፍልሽ፣ በሬን አንኳኩታ ገብታ ነበር። ሰኞ አብረውኝ ይምጡ አለችኝ። ለመጀመሪያው ቀን ብቻ። ያስተዋውቁኝ። አምቡላንሱ ይሄዳል፣ ዶ/ር ከድርም ፈቅዷል አለች። ጠይቃው ኖሯል።

ልቤ ሄዷል፣ እውነቱን ልንገርሽ። ነጩን ጋዋኔን ለብሼ፣ ከጎኗ ቆሜ፣ ይህቺ አማል ናት፣ ከእኔ ክፍል ናት ልል። የሸቤ ሰው ሁሉ እያየን።

ግን ከእኔ ጋር ከገባች የእኔ አማል ሆና ነው የምትገባው። ያን ቀን እናቲቱ ፊት ጎንበስ ያለችው ማንም ሳይደግፋት ነው። በዚያ ስሟ ትግባ። ጠዋት በሩን ራሷ ትክፈት፣ ርክክቡን ራሷ ትቀበል፣ ከተሳሳተች እዚያው ይሳቁባት፣ እዚያው ትሳቅ።

አልመጣም አልኳት። ደነገጠች። ሥራ አለብኝ አልኳት፣ ሐሰት ነው። አየችኝና ፈገግ አለች። የገባት መሰለኝ። እጄን ሳመችና ወጣች።

ሰኞ ሸቤ አልሄድም።